መደብ፣ ጉዝጓዝና ዳስ

የዘንድሮ ግንቦት መቀመጫ አሳጥቶኝ ነበር። ቤት ስገባ ቤቱ ያፍነኛል፣ ደጅ ስወጣ ፀሐይዋ አናቴን ትበሳኛለች። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጮቄ በኩል ይቆለልና ይጠቁራል። አሁን ጣለ፣ አሁን ጣለ ብዬ የተሰጣ ልብሴን ሰብስቤ ስገባ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ተበትኖ ይሄዳል። ወበቁ ግን አይሄድም። አንገቴ ሥር እንደ እርጥብ ነጠላ ተጠምጥሞ ይቀራል። እኛ ቢቸናዎች የለመድነው ብርድ ነው። ሙቀት የፈለገ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል እንጂ ሙቀቱ አቀበት ወጥቶ ይመጣል አላልንም። ዘንድሮ መጣ። ጎመኔ ጆሮዋን ጣለች፣ ቃሪያዬ አበባውን አራገፈ፤ እኔም ዶማውን አነሳለሁ፣ ደግሞ አስቀምጠዋለሁ።

ሙቀቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ሞጣ ያለችው ልጄ ቀጠሮ ሰጥታኝ ነው እንጂ።

አምና ሐምሌ ላይ ጎመን ልቀጥፍ ጓሮ ብወጣ ጭቃው አንሸራተተኝ። ጓሮዬ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ደግሞ እንደ ቅቤ ነው። ወደቅሁና እጄን ተሰበርሁ። ጎረቤቴ መጥታ እስክታነሳኝ ድረስ ከዱባው ጎን ተጋድሜ ቆየሁ። «ዱባ መስለሽኝ አልፌሽ ነበር» ትለኛለች እስከ ዛሬ፤ አታፍርም። ወጌሻው አሽቶ አሰረልኝና እጄ ዳነ። የልጄ ድንጋጤ ግን አልዳነም።

ሚያዝያ ላይ ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ዘንድሮ የምትከርሚው እኔ ጋ ነው።»

«እንግድነት ነው እስራት?»

«ቀልድ አይደለም! ቤቱን እናከራየዋለን። ብቻሽን ጭቃ ላይ ስትንከባለዪ ቁጭ ብዬ አልሰማም።»

«የወደቅሁት አንዴ ነው። እሱ መንከባለል አይባልም።»

«አንዴ ይበቃል።»

ሞጣን ጠልቼ አይደለም። የልጄም ቤት ጥሩ ነው፣ ልጄም ጥሩ ናት። ግቢዋ ግን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ አንዲት ሽንኩርት የሚተከልበት ቀዳዳ የለውም። እዚያ ስሄድ ወንበር ላይ ያስቀምጡኝና «ዕረፊ» ይሉኛል። ከምን እንደማርፍ አይነግሩኝም። የኔን ቤት ደግሞ ተከራይ ከገባበት ጎመኔን ነቅሎ ባጃጅ ያቆምበታል፤ መስከረም ሲጠባስ ማን ያስወጣዋል? ለክረምት ብለው ወስደው ለሁልጊዜው ሊያስቀሩኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ፊደል ባልቆጥር ልጄን ማንበብ አያቅተኝም።

ሳምንት ሙሉ በስልክ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ደከማት።

«እሺ። ሰኔ ሳይገባ መጥቼ ጓሮውን አያለሁ። ለክረምት ተዘጋጅቶ ካገኘሁት፣ መሄጃው ካላንሸራተተ፣ ጎርፉ ወደ ቤት ካልመጣ ትቀመጫለሽ። ካልሆነ ጓዝሽን አስሬ ይዤሽ ነው የምሄደው።»

«እኔ ምን ጓዝ አለኝ? ዶማ ነው ያለኝ።»

«ዶማሽንም አስሬ!»

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የት አባቱ! ጠዋት ቦይ ልቆፍር እነሳለሁ፤ ግማሽ ሳላደርስ ችግኙ ትዝ ይለኝና ውሃ ላጠጣ እሮጣለሁ፤ ውሃውን አስቀምጬ የአጥሩን ቀዳዳ እደፍናለሁ። ማታ ሳየው ሦስቱም ግማሽ ግማሽ ሆነው ይጠብቁኛል። ዘርቼ ያበቀልሁት የጎመንና የቃሪያ ችግኝ ጠዋት ቀና ይላል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ክንዱን ሰብሮ ይተኛል። ደመናው በጠቆረ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ዝናቡ ቀድሞ ከጣለ ጓሮዬ ሳይዘጋጅ ሊይዘኝ ነው፤ ካልጣለ ደግሞ ችግኜ ሊያልቅ ነው። ሰማዩን ናም አልለው፣ ሂድም አልለው።

በዚህ መሐል የግብርና ባለሙያ መጥታለች፣ ጓሮ ያላችሁ ሴቶች ለስብሰባ ኑ ተባለ። እኔ አልሄድሁም። «እኔ ጎመን ስተክል እናቷም አልተወለደች» ብዬ ቀረሁ። ኩራቴ ነው ጉድ ያደረገኝ። ጎረቤቴ ሄደች። ስትመለስ የቦኖው ውሃ መጥቷል ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይሮጣል፤ እሷም ጄሪካኗን አንጠልጥላ እየሮጠች በአጥር ላይ ጮኸችብኝ።

«አንቺዬ! ልጅቷ ሐሙስ እመጣለሁ ብላለች!»

«ልጅቷ?»

«አዎ! መደቡን ከፍ አድርጋ፣ ጉዝጓዝ አልብሳ፣ ትንሽ ዳስም ጥላ ትጠብቀኝ ብላለች። በይ ውሃው ሳይሄድ ልድረስ!»

ሄደች። እኔ ቃሪያው መሐል ቆሜ ቀረሁ።

ልጅቷ ሲሉኝ እኔ የማውቃት ልጅ አንድ ናት፤ እሷም ሞጣ ነው ያለችው። ታዲያ ልጄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መቼ ጉዝጓዝ ፈልጋ ታውቃለች? ነገሩን እያገላበጥሁ አሰብሁት። የቤት መደብ ከፍ የሚደረገው ለማነው? ጉልበቱ አልታጠፍ ላለው ሽማግሌ። ጉዝጓዝ የሚጎዘጎዘው ለማነው? ለክቡር እንግዳ። ዳስ የሚጣለውስ? ቤት ለማይበቃው ሰው። ወይኔ! ሽማግሌ ልካብኛለች!

ከልጄ ጋር መጨቃጨቅ እችላለሁ። እሷ አንድ ስትል እኔ ሁለት እላለሁ። ሽማግሌ ግን ሌላ ነው። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» ካለ በኋላ ምን ይባላል? እምቢ ብል አገር ያወራብኛል፣ እሺ ብል ሲሚንቶ ላይ ልቀመጥ ነው።

«ደውለሽ አትጠይቂያትም ነበር?» እንዳትሉኝ። ደውዬ ብጠይቅ ደነገጠች ትለኛለች። እኔ ደግሞ በደንብ አስተናግጄ፣ በደንብ አብልቼ፣ አፋቸውን በምግብ ይዤ ልረታቸው ቆርጫለሁ። የጠገበ ሽማግሌ አይከራከርም።

ማክሰኞ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቼ የቤቴን መደብ ስንዝር ያህል ከፍ አደረግሁት። እጄን እየነዘረኝ፣ ላቤ በግንባሬ እየወረደ። ረቡዕ ጠዋት ወንዝ ዳር ወርጄ ሣር አጨድሁ፤ ሁለት ጊዜ ተሸክሜ ተመላለስሁ። ከሰዓት በኋላ ለዳሱ አጣና ስጎትት ጎረቤቴ በአጥር አየችኝ።

«ጎበዝ! እኔ ገና አልጀመርሁም!»

«እንዳላፍር ብዬ ነው። ስንት ይሆናሉ ብለሽ ነው?» አልኋት።

«ሠላሳ አይሞሉም? ሙቀቱ ካልጨረሳቸው።»

ሠላሳ! ለኔ ለአንዲት አሮጊት ሠላሳ ሽማግሌ! መጀመሪያ ተናደድሁ። ቆይቶ ደግሞ አዘንሁላቸው፤ በዚህ ወበቅ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀው ከሞጣ ቢቸና ድረስ። እውነትም ሙቀቱ ሊጨርሳቸው ነው። ዳሱን ሰፋ አደረግሁት፤ ጣራውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ደራርቤ አለበስሁት። ላቀርብላቸው የቆላሁትንም ቆሎ ጨመርሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሣሩን ቤቱ ውስጥ ነሰነስሁ። የክት ቀሚሴን ለበስሁ። በር ላይ ቆሜ የምመልሰውን መልስ በልቤ ስደግም፣ አንዲት ረጅም ልጅ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ደብተር ይዛ ብቻዋን መጣች። አነጋገሯ የኛ አገር አይደለም፤ ከደቡብ ተመድባ የመጣች ናት።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ሽማግሎቹ ናቸዋ!»

ግራና ቀኝ አየች። «እኔ ብቻዬን ነኝ እማማ። ጉዝጓዙን አለበሱ?»

«ይኸው ግቢና እዪ!»

ገባች። ሣሩን አየች። ደብተሯን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«ሣሩን እዚህ ያስቀመጡት እንዲጠወልግ ነው?»

«እንዲረገጥ ነው እንጂ! በእናንተ አገር ጉዝጓዝ አይረገጥም?»

«መደቡስ?»

«እሱንም ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ይኸው፣ ቁጭ በይበት።»

ታዛዥ ልጅ ናት፤ ቁጭ አለች። ጭቃው ግን በዚያ ወበቅ የት ይደርቃል? ስትነሳ ሱሪዋ ከኋላ ጥቁር ሆኗል፣ የመቀመጫዋም ቅርጽ መደቡ ላይ ቀርቷል። ዘወር ብላ አየችው። ከዚያ በበሩ ዳሱን አየች። ከዚያ እኔን፣ ከነክት ቀሚሴ።

«እማማ» አለች ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ «እኔ መደብ ያልሁት የጎመኑን ነው። ውሃ እንዳይተኛበት አፈሩን ከፍ አድርገው ይደልድሉት ለማለት። ጉዝጓዙ ደግሞ ለአፈሩ ነው፤ ሙቀቱ እንዳያደርቀው፣ ዝናቡም እንዳያጥበው። ዳሱም ለችግኙ...»

አልጨረሰችም። ሳቋ አሸነፋትና ተመልሳ እዚያው ጭቃ ላይ ተቀመጠች።

እኔ ወዲያው አልሳቅሁም። ሁለት ቀን ሙሉ የለፋሁት ልፋት ትዝ አለኝ። በዚያ ላይ ጓሮዬ ባዶውን ተሰንጥቆ ተቀምጧል። የልጄ ቀጠሮ ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል፤ እኔ ለክረምት ያሰናዳሁት ሳሎኔን ነው! ከዚያ ግን ሠላሳዎቹ ትዝ አሉኝ። ሙቀቱ ካልጨረሳቸው የተባሉት የጎመን ችግኞች ናቸው። እኔ አዝኜ ቆሎ የቆላሁላቸው! ያን ጊዜ እኔም ወገቤን ይዤ ሳቅሁ።

እዚህ አገር የቅኔ ተማሪው አንዱን ቃል ሁለት ለማድረግ ስንት ዓመት ይለፋል። ጎረቤቴ ግን አንድ ቀን ቅኔ ቤት ሳትገባ፣ ጄሪካን እንዳንጠለጠለች፣ ሦስት ቃል በአንድ ትንፋሽ ዘርፋብኝ ሄደች።

«በይ ተነሺ» አልኋት ባለሙያዋን፣ «ሱሪሽ አንዴ ተበላሽቷል። ከዚህ በላይ አይበላሽም።»

ጎረቤቴንም ጠራኋት። ነገሩን ስትሰማ አጥሩን ይዛ ቁጭ አለች።

«ልጅቷ አልሁሽ እንጂ ልጅሽ አልሁሽ?»

«ዝም በይና ዶማ ያዢ!»

ሦስታችን ሣሩን በነጠላ እየቋጠርን ከቤት ወደ ጓሮ አወጣን። አፈሩን እየከመርን መደብ አደረግነው፤ በቁመቱ ሳይሆን ቁልቁለቱን አግድሞ፤ ጎርፉ እንዳይሮጥ ነው። በላይ በኩል ጀምሬ የተውሁትን ቦይ ጨረስነው፤ ውሃው ቤቱን ዞሮ ከጓሮው ሥር ወዳለው ፈፋ እንዲወርድ። ከዚያ ሣሩን አለበስን። እኔ ጎመኔን እስከ አንገቷ ድረስ ሸፈንኋት፤ ባለሙያዋ መልሳ ገለጠችብኝ።

«ግንዱን አይንካው እማማ። ወበቅና እርጥበት ሲገናኙ ይበሰብሳል። አራርቀው ይትከሉት፣ የታችኛውንም ቅጠል ይልቀሙት፤ ነፋስ ይለፍበት።»

«ጎመንም ትንፋሽ ያጥራታል?»

«ያጥራታል።»

«እኔስ ማን ቅጠሌን ይልቀምልኝ?» ብላት ደብተሯን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ጎረቤቴ ግን «ያንቺ ቅጠል ምላስሽ ነው፤ እሱን ማን ይደፍራል?» አለች።

ዳሱን ከደጄ ነቅለን ዝቅ አድርገን ችግኙ ላይ ተከልነው። በማግሥቱ እኔና ጎረቤቴ ከጓሮ በር እስከ ጎመኑ ድረስ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርን፣ በመሐሉ ጠጠር ሞላንበት። ወገቤ ተቆረጠ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር አንዱ ድንጋይ ሲነቃነቅ ይታየኛል። ሲነጋ ሄጄ በእግሬ እየረገጥሁ አያለሁ። አይነቃነቅም። ደግሞ እረግጠዋለሁ።

ልጄ እሑድ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሁ፣ ሳትነግረኝ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ። ድንጋዩን አንድ በአንድ ረገጠችው። ቦዩን አየች፣ ሣሩን ገልጣ አፈሩን በጣቷ ነካች። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላታለሁ። እንደ ተማሪ ፈተና የተቀመጥሁ መሰለኝ፤ ተምሬ ስለማላውቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁት።

ይኼኔ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ አለች። ተዪ ብዬ በዓይኔ ብጠቅሳት አልሰማችም፤ የመደቡንም የሠላሳውንም ሽማግሌ ታሪክ አንድ ሳታስቀር አወራችላት። ልጄ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ እውነት ሽማግሌ የምልክብሽ መሰለሽ?»

«መሰለኛ።»

«እንዲህ አድርጌ ነው የማስፈራሽ?»

ጎመን ላይ የሌለ ትል ስለቅም ቆየሁ።

እሷም አጎንብሳ ሣር ታስተካክል ጀመር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አስቤው ነበር» አለችኝ። «የነፍስ አባትሽን ልላክ ብዬ አስቤ ነበር። ስልክ አንስቼ ሳልደውል ተውሁት።»

«ደግ አደረግሽ። ጉዝጓዜን ጎመኗ ወስዳዋለች፤ ባዶ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጡልሽ።»

«ትቀልጃለሽ። አምና ስልኩ ሲደወል የሰማሁትን አልሰማሽም። እናትሽ ጓሮ ወድቃ ተገኘች ሲሉኝ፣ ወድቃ የምትለዋን ከሰማሁ በኋላ ሌላው አልተሰማኝም። እስክደርስ ድረስ የሞትሽ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ዓመት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ስለ ጭቃ የምንጨቃጨቅ ይመስለኝ ነበር። እጇን ያዝሁት፤ አፈር ነክቶታል፣ የኔም ነክቶታል።

«እንግዲህ ልቀመጥ ወይስ ጓዜን ልሰር?» አልኋት።

አንዴ ወደ ቦዩ፣ አንዴ ወደ ሰማዩ አየች። «ተቀመጪ። ግን ቃል ግቢልኝ፤ ዝናብ ሲዘንብ እግርሽ ጓሮ አይረግጥም። ጎመኑ ቢሄድ፣ ዱባው ቢሄድ፣ አትወጪም። አንድ ጊዜ ብትወጪ ባጃጅ ተከራይቼ ነው የምወስድሽ።»

«እግሬ አይረግጥም» አልሁ። በማርያም ስም አስማለችኝ፤ እሺ ስላት አታምነኝም።

ዝናቡ የጣለው እሷ በሄደች በአራተኛው ቀን ነው። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ጠቆረ፣ እኔም እንደ ልማዴ ይበተናል ብዬ ቆምሁ። አልተበተነም። ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ወረደ። በጓሮ በር ደፍ ላይ ቆሜ አየሁት። ውሃው ከላይ መጣ፣ ቦዩን አገኘው፣ ታጠፈ፣ ቤቱን ዞረ። መደቦቹ ሣራቸውን ለብሰው ቆሙ። ችግኞቹ ከዳሳቸው ሥር ናቸው። እልል ልል ስል ዓይኔ ጥግ ላይ አረፈ። የጎመን አገዳና ሣር ተሰብስቦ የቦዩን መታጠፊያ ዘግቶታል። ውሃው ይቆለላል። ትንሽ ቆይቶ ዘሎ በቃሪያው ላይ ሊሄድ ነው።

ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት! ወጥቼ በእግሬ ገፋ ባደርገው ያልቃል። ጎረቤቴን ተጣራሁ፤ ዝናቡ ድምፄን በላው። ቤት ውስጥ ተመላለስሁ። ደፉ ላይ ቆምሁ፤ ተመለስሁ፤ ደግሞ ቆምሁ። ቃል ገብቻለሁ፣ ያውም በማርያም። ውሃው ግን የቦዩ ከንፈር ላይ ደርሷል።

ዓይኔ የልብስ ማስጫው ገመድ በሚደገፍበት ረጅም እንጨት ላይ አረፈ። ከግድግዳው አነሳሁት። በአንድ እጄ መቃኑን ይዤ፣ በሌላው እንጨቱን ዘርግቼ ብሞክር ጫፉ ደረሰ። እየቆረቆርሁት ሳለ ስልኬ ጮኸ። እንጨቱን ብብቴ ሥር ይዤ አነሳሁት።

«እማዬ፣ እዚህ ሞጣ ዶፍ ነው። እዚያስ?»

«እዚህም እየጣለ ነው።»

«የት ነሽ?»

«ቤት ውስጥ።»

«ሁለቱም እግርሽ?»

ወደ ታች አየሁ። «ሁለቱም።»

በስልኩ ውስጥ የሷ ዝናብ ይሰማኛል። እንጨቱን አንዴ ገፋ አደረግሁት፤ አገዳው ተላቀቀና ውሃው ግርር ብሎ ሄደ።

«እጅሽስ?» አለችኝ።

«ስለ እጅ አልተነጋገርንም» አልኋት።